ኢንተግራል የሚከብደው የት ላይ ነው?

(በቡራዩ ለጠቅላላው ሕዝብ የቀረበ ንግግር)

 

በዚህ ሳምንት የቧንቧ ውሃ የመጣላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ደህና። ያላወጣችሁት ታገሡኝ፤ ስለ ውሃ ፈረቃ ላማርር አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ ኢንተግራል ካልኩለስ ላወራችሁ ነው። ቡራዩ ላይ ቆሞ ኢንተግራልን ለማስረዳት ግን ከቧንቧ ውሃ የሚቀርብ ነገር አላገኘሁም።

ከመካከላችሁ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ አላችሁ። ቀን ሥራ ውላችሁ ማታ በኤክስቴንሽን የምትማሩ አላችሁ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ወንድማችሁ ደውሎ «በዚህ ሴሚስተር ካልክ ቱ ይዣለሁ፣ ጸልዩልኝ» ያላችሁም አትጠፉም። ያ ካልክ ቱ የሚባለው ትምህርት አብዛኛው ኢንተግራል ነው። ጸሎቱን አልከለክልም፤ ወንድማችሁን ምን እንዳስጨነቀው ብታውቁ ግን አይከፋም።

ዛሬ የምከራከርበት ነገር አንድ ነው። የኢንተግራል ሐሳብ ቀላል ነው፤ በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሊረዳው ይችላል። ተማሪውን የሚጥለው ሌላ ነው፤ ከዓመታት በፊት ሳይገባው ያለፈው ክፍልፋይ፣ ፋክተሪንግና ትሪጎኖሜትሪ ነው። ስለዚህ አንድ አዋቂ ሰው ሳያፍር ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን የሚያነሣበት ቦታ ካላገኘ፣ ጎበዝ አስተማሪ ብቻውን አያድነውም። ይህን እንዳመጣጡ ላስረዳ።

እንጀምር። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ላይ በኃይል ይንደቀደቃል። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሲከፍት እየቀጠነ ይሄዳል። እናንተ ሮቶ እየሞላችሁ ነው እንበል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ሰው ባልዲ ደቅኖ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ይለካል። ሲጀምር በደቂቃ 12 ሊትር ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ 10 ሆነ። ቀጥሎ 8፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 4፤ በስልሳኛው ደቂቃም እንደገና ሲለካ 4 ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር ገባ?

ፍሰቱ ባይለዋወጥ ኖሮ ማባዛት ይበቃ ነበር። 12 ሊትር በ60 ደቂቃ ብትሉ 720 ይመጣል፤ ይህ ግን ቧንቧው እንዳልቀጠነ አድርጎ ማሰብ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ? ሰዓቱን በአሥር በአሥር ደቂቃ እንቆራርጠው። በእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ውስጥ ፍሰቱ በመጀመሪያው ልክ እንደቀጠለ ቁጠሩ፦ 12፣ 10፣ 8፣ 6፣ 5 እና 4 ተደምረው 45 ይሆናሉ፤ በአሥር ሲባዛ 450 ሊትር። ውሃው እየቀነሰ ስለሄደ ይህ መልስ ከእውነቱ ይበልጣል። አሁን ደግሞ በመጨረሻው ልክ ቁጠሩ፦ 10፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4 እና 4 ተደምረው 37፤ በአሥር ሲባዛ 370 ሊትር። ይህ ከእውነቱ ያንሳል። እንግዲህ እውነቱ በ370 እና በ450 መካከል ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 80 ሊትር ነው። 80 ከየት መጣ? ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን ተመልከቷቸው፤ መሐል ያሉት ቁጥሮች በሁለቱም ውስጥ አሉ። የሚለያዩት በመጀመሪያዋ 12 እና በመጨረሻዋ 4 ብቻ ነው። 12 ሲቀነስ 4፣ 8 ነው፤ 8 በአሥር ደቂቃ ሲባዛ 80። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው መለካቱን ትተን በየደቂቃው ብንለካ ክፍተቱ 8 ሊትር ብቻ ይሆናል። በየሴኮንዱ ብንለካ ከ140 ሚሊ ሊትር ያነሰ፣ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ይቀራል። የፈለጋችሁትን ያህል ትንሽ ስሕተት ጥሩልኝ፤ ጊዜውን በበቂ ሁኔታ ካሳጠርኩት ከዚያ በታች አደርሰዋለሁ። ከላይና ከታች እየተጠጋጉ የሚሄዱት ሁለቱ ድምሮች መሐል የሚይዙት አንድ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ኢንተግራል ይባላል።

ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው በታላቁ የፊዚክስ መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ፣ በሁለተኛው ለማ (ረዳት ቲዎረም) ላይ ያቀረበው ክርክር እኛ አሁን በባልዲ የሠራነው ነው፤ እሱ በሥዕል አድርጎታል።

ሁለተኛ ሐሳብ አለ፤ እሱም ከመጀመሪያው አይከብድም። ሮቶው ጎኑ ላይ ሊትር የሚያሳይ ምልክት ቢኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ ልኬት ባላስፈለገ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት 150 ላይ ነበር፤ ሲዘጋ 560 ላይ ደረሰ፤ እንግዲህ 410 ሊትር ገብቷል፤ አለቀ። ምልክቱ የሚነግረን የተጠራቀመውን ነው፤ ቧንቧው የሚነግረን ምልክቱ በየደቂቃው በስንት እንደሚያድግ ነው። የእድገቱን ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትደምሩት የምታገኙት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ልዩነት ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር የሂሳብ ሰዎች የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም ይሉታል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሚሊዮን ትንንሽ ነገሮችን ከመደመር ይልቅ፣ እድገቱ እንዲያ የሆነ አንድ ፋንክሽን ፈልጋችሁ ሁለት ቦታ ላይ ማንበብ ይበቃችኋል። እንግዲህ «ቴክኒክስ ኦፍ ኢንተግሬሽን» እየተባለ ተማሪውን የሚያስለቅሰው ምዕራፍ በሙሉ፣ ያንን ምልክት ያለበትን ሮቶ የመፈለጊያ ዘዴ ነው።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ ልበል። የመደመሩ ሐሳብ እጅግ የቆየ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አርኪሜደስ የፓራቦላን ስፋት በዚህ መንገድ አውጥቷል። ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ ባስራ የተወለደው ኢብን አልሃይሰም ይመስለኛል። ይህ ሰው ከፓራቦላ የሚወጣውን ጉልላት መሳይ ቅርጽ ይዘት ለማግኘት የቁጥሮችን አራተኛ ፓወር ድምር ያሰላ ሊቅ ነው። እንደሚተረከው የካይሮው ኸሊፋ አልሐኪም ዓባይን ገድቦ የሚያስተካክልበትን ብልሃት እንዲያመጣ ላከው። እስከ አስዋን አካባቢ ሽቅብ ወጥቶ ሥራው በዘመኑ አቅም እንደማይቻል ሲረዳ፣ ከኸሊፋው ቁጣ ለመትረፍ ያበደ መሰለ ይባላል። ያ ውሃ ከማን አገር ተነሥቶ ይወርድ እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ሁለተኛውን ሐሳብ ወደ ሥርዓት ያመጡት ኒውተን በ1660ዎቹ አጋማሽ፣ ላይብኒትዝ ደግሞ በ1670ዎቹ ነው። ዛሬ በመጽሐፍ የምታዩአትን ረዘም ያለች የኤስ ምልክት ላይብኒትዝ በጥቅምት 29 ቀን 1675 እ.ኤ.አ. ማስታወሻው ላይ ጻፋት፤ ድምር ለማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች «እኔ ቀደምኩ» እየተባባሉ የተጣሉትን ጠብ እንለፈው፤ ሮቶ አይሞላም።

ምን ይሠራል ለምትሉ፣ ሁለት ነገር ላሳያችሁ።

አንደኛው ግድብ ነው። በአምቦ መንገድ ስትወጡ የገፈርሳን ግድብ ታያላችሁ፤ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ ነው። (ግድቡ ጎናችን ሆኖ እኛ ሮቶ የምንደረድርበትን ምክንያት ዛሬ አላነሣም ብያለሁ።) እንዲህ ያለ ሐይቅ ስንት ውሃ እንደያዘ በምን ይታወቃል? የሐይቅ ወለል ሸለቆ ነው፤ ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ። ትልቁን ምሳሌ እንውሰድ። የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የውሃው ገጽ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የግድቡ ቁመት 145 ሜትር ነው። ርዝመትና ቁመት ማባዛት ብቻ የለመደ ሰው ገጹን በቁመቱ ያባዛና ወደ 272 ቢሊዮን ያገኛል፤ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። መሐንዲሱ የሚያደርገው ሌላ ነው። ከካርታው ላይ በየከፍታው የሸለቆውን ስፋት ያነብባል፤ ውሃውን በአግድም ስስ ስስ አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት በውፍረቱ አባዝቶ ይደምራል። በባልዲና በሰዓት የሠራነውን እሱ በሜትርና በካርታ ሠራው ማለት ነው። 74 ቢሊዮኑን ለ1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብታካፍሉት አማካይ ጥልቀቱ 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ግድቡ 145 ሜትር ሆኖ ውሃው በአማካይ 40 የማይሞላበት ምክንያት የሸለቆው ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኢንተግራል ነው።

ሁለተኛው በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የድሮውን የመብራት ቆጣሪ ታስታውሳላችሁ፤ በመስታወቱ ውስጥ ጠርዟ ላይ ጥቁር ምልክት ያላት ሳህን ትዞራለች። አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ እየጎተተች ትዞራለች። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ትሮጣለች። ሳህኗ የምትዞርበት ፍጥነት በዚያች ቅጽበት ከምትስቡት ኃይል ጋር እኩል እንዲያድግ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስንት ጊዜ እንደዞረች የሚቆጥሩት ጥርሶች ደግሞ ድምሩን ይይዛሉ። ኪሎዋት ፍጥነቱ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ድምሩ ነው። የወር ሒሳብ የሚወጣው ከወሩ መጨረሻ ንባብ ላይ የወሩ መጀመሪያ ንባብ ተቀንሶ ነው፤ ያም ቅድም ያልነው መሠረታዊ ቲዎረም ነው። አሁን ያለው ካርድ የሚሞላው ቆጣሪ ሳህን የለውም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ባለ ምጣዷ እናት ሳህኗ ስትሮጥ አይታ «ኧረ ቶሎ ጋግሪ» ስትል፣ ፍጥነቱንና ድምሩን ለይታ ታውቃለች ማለት ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ ይህ ከሆነ ልጆቻችን ለምን ይወድቃሉ?

አንዱ ጥፋት የማስተማር ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዓመታት በአገሪቱ ሁሉ ያገለገለውን የ12ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ያጠናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ኢንተግራል አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር፤ ከሊሚትና ከሁለት የዴሪቬቲቭ ምዕራፎች በኋላ። ምዕራፉ የሚጀምረው ኢንተግሬሽን የዲፈረንሼሽን ተቃራኒ ነው በሚል ነው። ቀጥሎ ዘዴዎቹ ይመጣሉ። ስፋትና ድምር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ምን እንደሚደምር ሳያውቅ ቀመር እየገለበጠ ይከርማል። ፈተናው ላይ «የኤክስ ስኩዌር ኢንተግራል» ሲባል «የኤክስ ኪዩብ ለሦስት» ብሎ ይመልሳል፤ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ፍሰት በሠንጠረዥ ሰጥታችሁ ጠቅላላውን ብትጠይቁት ግን «ቀመሩ የታል?» ይላችኋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ያለ አንድ ቀመር፣ በሠንጠረዥና በመደመር ብቻ አሳልፍ ነበር።

ይህን የምለው ለማቅለል ብቻ አይደለም። ቀመር የሌላቸው ኢንተግራሎች አሉ። በስታትስቲክስ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን የደወል ቅርጽ ሠንጠረዥ፣ ዜድ ቴብል የምትሉትን፣ አይታችሁ ከሆነ፣ እዚያ ያሉት ቁጥሮች በተለመደው ቀመር ሊወጡ አይችሉም። ከምናውቃቸው ፋንክሽኖች ተቀጣጥሎ የሚሠራ ምላሽ እንደሌለው በሂሳብ ተረጋግጧል። ሠንጠረዡ የተሞላው እንደ ባልዲው ልኬት ባለ ጥንቃቄ የተሞላበት ድምር ነው። በሌላ በኩል ቀመር ያለውን ኢንተግራል ዛሬ ስልክ በሁለት ሴኮንድ ይሠራዋል። ስለዚህ ለሰው የሚቀረው ሥራ ምን ተቆራርጦ ምን እንደሚደመር ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን ይበልጣል፤ እላዩ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ፓርሻል ፍራክሽን የሚባል ዘዴ አለ፤ ስሙ ብቻውን ያስደነግጣል። 1/2 ሲቀነስ 1/3 ስንት ነው? ሦስት ስድስተኛ ሲቀነስ ሁለት ስድስተኛ፤ መልሱ 1/6። ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል። አሁን ገልብጡት፦ 1/6ን የሁለት ክፍልፋዮች ልዩነት አድርጋችሁ ጻፉልኝ። 6 ማለት 2 ጊዜ 3 ስለሆነ 1/2 ሲቀነስ 1/3። 1/12ስ? 3 ጊዜ 4 ስለሆነ 1/3 ሲቀነስ 1/4። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ የክፍልፋይ መቀነስ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ፓርሻል ፍራክሽን ይባልና ኮሌጅ ይገባል። በቁጥሩ ፋንታ ኤክስና ኤክስ ሲደመር አንድ ቢቀመጥ ሥራው አይለወጥም። የክፍልፋይ ታችኛው ቁጥር እንዴት እንደሚስማማ ያልገባው ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ኢንተግራል ከበደኝ ይላል። ኢንተግራሉ ግን ገና አልመጣም።

ሌላው ቦታም እንዲሁ ነው። የክብን ስፋት በኢንተግራል ለማውጣት ሲነሡ ሳይን ስኩዌርና ኮሳይን ስኩዌር ተደምረው አንድ መሆናቸውን ማወቅ ግድ ነው። የሁለት ቁጥሮች ድምር ስኩዌር ሲደረግ መሐል ላይ ሦስተኛ ተርም እንዳለ የሚረሳ ተማሪ ደግሞ ሁሉም ቦታ ይሳሳታል። ቋንቋውም አለ፤ እዚህ አካባቢ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ጀምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሂሳቡ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ይህን ሁሉ ደራርባችሁ ስታዩት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያን ያህል አያስገርምም፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ በአንድ ዓመት ሰነፉ ማለት አይቻልም። ቀዳዳው ለዓመታት የቆየ ነው፤ በዚያ ዓመት ታየ እንጂ።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር፤ እዚያ የሚሠራበት አንድ ነገር አለና። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ፣ ጆሊየት ከተማ ተከፈተ፤ ስሙ በሰፊው የተለመደው ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ካወጣው ሪፖርት ወዲህ ነው። ዋናው ጠባዩ በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ማንኛውም ሰው፣ 19 ዓመቱም ይሁን 50፣ ይመዘገባል። ክፍያው ከአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ያንሳል። የማታ ክፍል አለው። ሁለት ዓመት ተምሮ ክሬዲቱን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ካልኩለስን እዚያው ጨርሶ ይሄዳል።

ወገኖቻችን በብዛት ያሉበት የዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ታዋቂ ኮሌጆች አሉት። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ የሚሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። ሞንትጎመሪ ካሉት ግቢዎች አንዱ የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት ሰፈር ነው። ሁለተኛው ካልኩለስ በአንደኛው ማዝ 182፣ በሌላኛው 264 የሚል ቁጥር አለው። ሌሊት ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያደረ፣ ታክሲ ሲነዳ የዋለ፣ የአረጋውያን ቤት ሺፍቱን ጨርሶ ዩኒፎርሙን ያልቀየረ ሐበሻ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጸልዩልኝ ያላችሁ ወንድም እሱ ነው።

እዚህ ላይ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ካልኩለስ የተማረ ሰው «ኤሊስ ኤንድ ጉሊክ» የሚባለውን ወፍራም መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ከትውልድ ትውልድ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ፣ ገጹ እየገረጣ የኖረ መጽሐፍ ነው። ሮበርት ኤሊስና ዴኒ ጉሊክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲያቸው ያለው ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ያንን መጽሐፍ ያጠና ሰው ከዓመታት በኋላ ልጁን መጽሐፉ ወደተጻፈበት አካባቢ ልኮ ያስተምራል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግን በአብዛኛው የሚጠቀሙት የካናዳዊውን የጄምስ ስቱዋርትን መጽሐፍ ነው። ሰውየው ከመጽሐፉ ባገኘው ገንዘብ ቶሮንቶ ውስጥ ግድግዳው እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ የሙዚቃ አዳራሽ ያለው ግሩም ቤት ሠርቶ «ኢንተግራል ሀውስ» ብሎ ሰየመው። ከሂሳብ እንጀራ አይወጣም ለሚሉ ዘመዶች ንገሩልኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋናው ብልሃት ሕንጻው ወይም መጽሐፉ አይደለም። ሲመዘገቡ አቅም ይታያል። ካልኩለስ ለመግባት የሚጎድለው ያለ ሰው ወደ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያም በታች ወደ አልጀብራ ይላካል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው የ9ኛ ክፍል ፋክተሪንግ ከመጀመሪያው ይማራል፤ ማንም አይስቅበትም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አርባ ዓመቱ ነው። የማጠናከሪያ ክፍሉም እዚያው ነው፤ ተማሪ ተጨማሪ ሳይከፍል ገብቶ ይጠይቃል። ይህም እንከን የለሽ አይደለም። በመሠረታዊ ኮርሶች መሰላል ላይ ሁለትና ሦስት ሴሚስተር እየወጡ ገንዘባቸውም ተስፋቸውም ያለቀባቸው ብዙ ናቸው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግ ኮሌጆቹ ተማሪውን በተቻለ መጠን በቀጥታ ዋናው ኮርስ ውስጥ እንዲያስገቡ ያስገድዳል፤ ድጋፉን ጎን ለጎን መስጠት ይችላሉ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አላለቀም። እኔ ለሥራ ሰው የሚሻለው ጎን ለጎኑ ይመስለኛል፤ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለስ ጥቂት ነውና።

እኛ ዘንድ በዚህ ስም የሚጠራ ኮሌጅ የለም። ያሉን ቁርጥራጮቹ ናቸው። ከ50 በታች ላመጡት የተከፈተው የሪሚዲያል ፕሮግራም አለ፤ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ያለፉትን አራት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት በጥቂት ወራት ለመጠገን ይሞክራል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት አለ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሂሳብ ሎጂክን፣ የቁጥር ሥርዓትን፣ ፋንክሽንን እንደገና ያነሣል፤ ኢንተግራሉ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ በአፕላይድ አንድ ይመጣል። ይህ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ እጅ ያስተምራሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የሚያሻግር ድልድይ ግን አልተዘረጋላቸውም። የማታ ኤክስቴንሽን አለ፤ እድሜ አይጠይቅም፤ ያመለጠውን አልጀብራ የሚመልስ ኮርስ ግን አይሰጥም፤ መዝገባችሁ ተዘጋጅቷል፣ ክፍያው ይኸው፣ ካልኩለስ ሰኞ ይጀመራል። በሰበታና በሱሉልታ ፋብሪካዎች የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን የቆጣሪን ነገር ከመምህሩ በላይ ያውቃል። ዲግሪ ልማር ብሎ ሲመዘገብ ክፍልፋይ ላይ ይወድቅና «ለካ ሂሳብ አልችልም» ብሎ ይመለሳል። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ የሚያስፈልገው የሦስት ወር የማታ አልጀብራ ነበር። ቅዳሜ ባዶ የሚውል መማሪያ ክፍልና ፈቃደኛ መምህር ከተገኘ ይህ ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም።

እስከዚያው በሚቀጥለው ሴሚስተር ለምትመዘገቡ የምመክረው ይህ ነው። መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ፦ 1/20ን የሁለት ክፍልፋዮች ልዩነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9ን ፋክተር አድርጉ፤ የ30 ዲግሪን ሳይን ያለ ካልኩሌተር ተናገሩ። አንዱ ከያዛችሁ ስድስት ሳምንት አልጀብራ ላይ አሳልፉ፤ ኢንተግራሉ አያመልጣችሁም። ካልኩለስንና ፊዚክስን በአንድ ሴሚስተር ከሙሉ ሥራ ጋር አትደርቡ። የማትረዱት ዘዴ ሲገጥማችሁ በቁጥር ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ደምራችሁ እዩት፤ ቀመሩ የሰጣችሁ መልስ ከድምሩ ጋር ካልተቀራረበ የተሳሳታችሁት ቀመሩ ላይ ነው። አሜሪካ ላለው ወንድማችሁ ደግሞ ንገሩት፤ ሴሚስተሩ ከተበላሸበት ኮሌጁ የወሰነው ቀን ሳይደርስ ዊዝድሮ ያድርግ፤ ኤፍ ከሚያመጣ ይሻለዋል። በቀጣዩም ሴሚስተር ከመመዝገቡ በፊት ማጠናከሪያ ክፍሉ ገብቶ ፋክተሪንግ ይጠይቅ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።